በባከነ ሰዓት

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ጦሳ ጉም ለብሶ፣
ቧንቧ ውሃ ቁልቁል መንገዱ ርሶ፣
ከጋሽ አራጋው ዘንድ፣ ከቆርቆሮው ሥር፣
ሃያ ሃያ ከፍለን ያዝን አንድ ወንበር።
አንድ ወንበር ለአምስት፤ ዳሩ የደረሰኝ፣
ግማሼን ጣውላው፣ ግማሼን ሙሄ ያዘኝ።

ኳሱ ገና ሳይነካ ወሬው ተጀመረ፤
«ወላሂ!» አለ ሙሄ፣ ማንም ሳይጠይቀው ምሎ አከረረ፤
«ይሄ አሰልጣኝ ማለት፣ ክንፉን ሰው አልብሶ መሐሉን የረሳ፣
በሩን ቆልፎ፣ መስኮት ከፍቶ፣ ለመንገድ የተነሣ።»

«መስኮት ስትል» አለ እንድሪስ፣ «ትናንት ያየሁት ክፍል፣
መስኮት የለው፣ ጓዳ የለው፤ ደላላው ግን ስድስት ሺህ ይላል።
በስልኩ እያበራ ነው ያዞረኝ፣ በጠራራ ቀን፤
አየር አለው ይለኛል፤ ይዞት የገባውን።»

ሳቅን። ማዕዘን ምት ሆነ። ይማም ግን አላየም፤
በዕቁብ ገንዘብ ስልክ ከገዛ ቀና ብሎ አያውቅም።
«ካሜራው ጉድ ነው» አለን፣ «ጦሳን ከደጅ አንስቼ፣
አንቴናው ላይ ያለ ቁራ ቆጠርኩ አጉልቼ።»
«ቁራ ስትቆጥር» አልነው፣ «አንድ ለባዶ ተመራን።»
«ባትሪውስ?»
«እሱን ተወው፤ እንደ ተከላካያችን፣
ከሰባ ደቂቃ በኋላ እግር የለውም።»

ዘውዱ ብቻ ዝም። ግንበኛ ነው፤ ዝም ብሎ ማየት ልማዱ፤
ከቦሩ ሜዳ እስከ ሐረጎ ሰው የሚኖርበት የእጁ ነው፣
ማደሪያው ግን የዘመዱ።

ዕረፍት ሆነ። ማን መጣ፣ ማን ሄደ፣ በስንት ሚሊዮን፣
ያላየነውን ብር እየተነጣጠቅን፣
ዝውውር ስናወራ፣ ጋሽ አራጋው ሪሞታቸውን ይዘው ተነሡ፤
ድምፁን ቀነሱ።
«ዝውውር ካላችሁ፣ የስም ዝውውርም አለ።
ይሄ ቤት ተሸጧል።
ወራሾቹ ካርታውን ለኮምቦልቻ ነጋዴ ሰጡት።
ሊያፈርሰው ነው፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ።»

እነዚህ ስንኞች ቤት አልመቱም፤ እኔም አላስመታኋቸው፤
ቤት የሌለው ነገር ነው የነገሩን፤ እንዲያው ልተዋቸው።

ሁለተኛው አጋማሽ። አገባን። ዘለልን እንደ ወጉ፤
ስናርፍ ግን ዓይናችን ወደ ግድግዳው፣ ወደ ጥጉ፦
የተላጠው አረንጓዴ፣ የዝናብ ጢም ያወጣው፣
በከሰል የተጻፈ የድሮ ውጤት፣ ማንም ያላጠፋው።

ያፈረሰው ዘውዱ ነው። በቀን ሒሳብ፣ ከሌሎች ጋር።
ቴሌቪዥኑ የተሰቀለበትን ወፍራም ምስማር
በጋዜጣ ጠቅልሎ ለጋሽ አራጋው ወሰደ፤
ምን አሉህ ብንለው፣ «ተቀበሉኝ» ብሎ ሄደ።

ዛሬም ቅዳሜ ነው። ከፍርስራሹ ፊት፣ ከአሸዋው ክምር ላይ፣
አምስት ራስ በአንድ ስልክ፤ ካፊያውን በጃኬት ከልለን ከላይ።
የይማም ስልክ ወድቆ ከጥግ እስከ ጥግ ተሰንጥቋል፤
ስንጥቁን መስመር አድርጎ ሙሄ ይሟገታል፦
«ከጨዋታ ውጪ ነው! ወላሂ! እግሩ ከስንጥቁ አልፏል!»
ጋሽ አራጋው ከኋላችን ቆመዋል፣ መነጽራቸውን ጠርገው፤
ሃያ ብር ሊሰጡን ይሁን ሊቀበሉን፣
እጃቸው ኪስ ገብቶ ቀረ፣ እንደለመደው።

«ስንት ቀረው?» አለ እንድሪስ።
«የባከነው ሰዓት ብቻ» አለ ሙሄ።
«አራት ፐርሰንት» አለ ይማም።
ዘውዱ ወደ ፍርስራሹ ዞሮ «ሁለት ምሰሶ» አለ።
እኔ ግን ወሩን የጠየቀ መስሎኝ
በጣቴ ቆጠርኩ፤
ዘጠኝ ቀን።